መልስ፦ «አዳራሹ ለሱቅ ይከራይ ወይስ ቤተ መጻሕፍት ይሁን?» ለሚለው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው ከደሴ ለጠየቀው ወንድማችን ነው። በቀበሌያቸው 80 ካሬ ሜትር የሚሆን አዳራሽ ባዶ ሆኗል፤ ገሚሱ ነዋሪ «ለሱቅ ተከራይቶ ገቢ ያስገባ» ሲል ገሚሱ «ቤተ መጻሕፍት ይሁን» ይላል። «ሁሉም ሰው ስልክ በያዘበት ዘመን ቤተ መጻሕፍት ለሰፈር ምን ይረባል? የሚረባ ከሆነስ ከምን ይጀመር?» ነው ጥያቄው። አብሽር፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ደግሞም ብዙ ሰው ከምን መጀመር እንዳለበት የሚስተው እዚሁ ላይ ነው፤ መጽሐፍ ከማሰባሰብ ይጀምራል።

የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ከመጽሐፍ በፊት የሚሰጠው ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው። ደሴ ላይ ስንት ቤተሰብ አንድ ክፍል ተከራይቶ አምስትና ስድስት ሆኖ እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። ማታ እናት ታበስላለች፣ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ አምፖሉ አንድ ነው። እዚያ ቤት ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩ ላይ የመማሪያ መጽሐፉ ሙሉ ፒዲኤፍ ሊኖረው ይችላል። የሌለው ማንም ሳይጠራው ሦስት ሰዓት ቁጭ የሚልበት ቦታ ነው። ጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አትርሱ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚወሰድ ከሆነ ወዲህ ልጁን የሚያወጣው ራሱ ተቀምጦ ያነበበው ብቻ ነው።

ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ዋጋ የሚለካው በመጽሐፍ ብዛት ሳይሆን በሩ ክፍት በሆነበት ሰዓት ነው። በቢሮ ሰዓት፣ ማለትም ከ2፡30 እስከ 6፡30 እና ከ7፡30 እስከ 11፡30 የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት ተማሪው ትምህርት ቤት ሲሆን ይከፈታል፣ ተማሪው ሲመለስ ይዘጋል። ሠራተኛማ ጭራሽ አይደርስበትም። ቅዳሜና እሑድ ከተዘጋ ደግሞ አዳራሹን ማከራየት ይሻላል የሚሉት ሰዎች እውነት አላቸው። ዝቅተኛው ሰዓት በእኔ ግምት በሥራ ቀን ከጠዋቱ 2፡00 እስከ ማታ 2፡00፣ ቅዳሜና እሑድም ቢያንስ ግማሽ ቀን ነው። ይህ ካልተቻለ ጠዋቱን ተዉትና ከቀኑ 8፡00 እስከ ማታ 2፡00 ክፈቱ።

ስሌቱን ለኮሚቴው ይዘህ ግባ። ከ80 ካሬው 20ው ለመደርደሪያና ለሠራተኛ ጠረጴዛ ቢሄድ 60 ይቀራል። ለአንድ አንባቢ መተላለፊያውን ጨምሮ 1.7 ካሬ ያህል ብትይዝ 35 ወንበር ይገባል። አንድ ሰው በአማካይ 3 ሰዓት ቢቀመጥ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ወንበር 4 ሰው ያስተናግዳል፤ 140 ሰው ማለት ነው። ሁለት ሦስተኛው ብቻ ቢሞላ እንኳ በቀን ከ90 በላይ፣ በወር 26 ቀን ተሠርቶ ወደ 2,400 የሦስት ሰዓት ጥናት ይደርሳል። «የሱቁ ኪራይ ይሻላል» ለሚለው ሰው የኪራዩን ብር በዚህ ቁጥር አካፍለህ አሳየው፤ ለአንድ ልጅ የሦስት ሰዓት ጥናት ስንት እንደሚደርስ ያኔ ይታያል።

ሰዓቱን የሚገድለው የሰው ኃይል ነው። ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ መጽሐፍ ላይ አታፍስሱት፤ ሁለት ሠራተኛ በፈረቃ ማቆም ይቀድማል። የወሎ ኑሮ እዚህ ላይ ይረዳል፤ አንዱ ሙስሊም ሌላው ክርስቲያን ከሆኑ አርብ ቀትር በሶላት ሰዓት አንደኛው ይሸፍናል፣ እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት ሌላኛው ይሸፍናል፣ በሩ አይዘጋም። በረመዳን ማታ የአፍጥር ሰዓትን፣ በዓመት በዓላትም ፈረቃውን አስቀድማችሁ በጽሑፍ በር ላይ ለጥፉ። አንባቢን የሚያርቀው መዝጋቱ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚከፈት አለማወቁ ይብሳል። ሁለት ጊዜ መጥቶ የተቆለፈ በር ያገኘ ልጅ ሦስተኛ አይመጣም።

ከዚያ መብራት። ማታ መብራት ከጠፋ የማታው ፈረቃ ሁሉ ከንቱ ነው። 12 ዋት የሚወስዱ 10 የኤልኢዲ አምፖሎች 120 ዋት ናቸው፤ ለ3 ሰዓት 360 ዋት-ሰዓት ይፈልጋሉ። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፣ የአሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ አታውርዱት። 600 ይበቃል፣ ይተርፋልም። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ባትሪው ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ አንዱ መጥቶ የሻይ ማፍያ ወይም የፎቶ ኮፒ ማሽን በዚያው መስመር ላይ ይሰካል። የመብራቱን መስመር ለብቻ አውጡና ሶኬት አታድርጉበት። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ከተፈለገ በቀን፣ በዋናው መስመር ይሁን።

አዳራሹን ከመቀበልህ በፊት ግድግዳውን ፈትሽ። ደሴ ጦሳ ሥር፣ ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ብዙ ቤት ጀርባው ከተቆረጠ አፈር ጋር ይገናኛል። በሐምሌና በነሐሴ ያ ግድግዳ ውኃ ይጠጣል። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ቆርጠህ አራቱንም ጠርዝ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አጥብቀህ ለጥፍና ሁለት ቀን ተወው። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግድግዳው ራሱ ያልባል ማለት ነው፤ መደርደሪያ አታስጠጋበት። ከፊት በኩል ከሆነ የክፍሉ አየር ነው፣ መስኮት በመክፈት ይስተካከላል። ደህና በሚባለው ግድግዳም ቢሆን መደርደሪያውን ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ የታችኛው እርከንም ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ሲሰነብት ሻጋታ ይጀምራል። የሻገተ መጽሐፍ ስታገኙ ለብቻው አውጡት፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አድርቁት፣ ከደረቀ በኋላ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ሻጋታውን ገጹ ውስጥ ያሰርጋል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሽፋኑን ያጣምማል።

ኮምቦልቻ ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ሙቀት አለ፤ ዋናው ጠላት ምስጥ ነው። እዚያ የእንጨት መደርደሪያ ከወለልና ከግድግዳ ጋር አይነካካ፣ ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥ። የላሜራ መደርደሪያ ይሻላል። ሰዓቱንም ከኢንዱስትሪ ፓርኩና ከፋብሪካዎቹ ፈረቃ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል።

መደርደሪያ ስታሠሩ የአናጺውን ግምት አትመኑ። በአንድ ሜትር ላይ 30 ያህል መጽሐፍ ይገባል፣ ክብደቱም 30 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከ90 ሴንቲ ሜትር በላይ የረዘመ ቺፑድ በዓመቱ ይጎብጣል። 90 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 5 እርከን ያለው አንዱ ቁም መደርደሪያ 130 ያህል መጽሐፍ ይይዛል፤ ግን እስከ ጫፍ አትሙሉት፣ ከአራት ሦስት እጁ ይበቃል። ተጣብቆ የቆመ መጽሐፍ ሰው በጀርባው አናት ይዞ ሲስበው ጀርባው ይገነጠላል። የተገነጠለውን በስኮች ፕላስተር አትለጥፉት፤ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ይፈሳል፣ ወረቀቱን ይዞት ይሄዳል። ነጩን የእንጨት ኮላ በቀጭን ብሩሽ ጀርባው ላይ ቀብታችሁ በጨርቅ ቁራጭ ያዙት፣ ከባድ ነገር ጭናችሁበት አሳድሩት።

ስለ መጻሕፍቱ ምርጫ አጭር ነኝ። ሥርዓተ ትምህርቱ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ስለተቀየረ የድሮ የመማሪያ መጻሕፍት ክምር ቦታ ከመያዝ በቀር አይጠቅምም። አዲሶቹን ከአንድ ርዕስ አንድ ሳይሆን አምስት አምስት ቅጂ ያዙ፣ ምክንያቱም ተማሪው ሁሉ የሚፈልገው በአንድ ሳምንት ነው። ስጦታ ሲመጣ «እንመርጣለን፣ የማንፈልገውን እናስተላልፋለን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አለዚያ ማንም የማይከፍተው የሠላሳ ዓመት የኮምፒውተር መመሪያ በካርቶን ይራገፍባችኋል።

ምዝገባው ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። የእኛ ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው፣ በአባቱ አይደለም። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር «ከበደ አበራ»ን ገልብጦ አበራ ሥር ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ መጽሐፉ አለ፣ ፈላጊው ግን አያገኘውም። የደራሲ ስም እንዳለ፣ ሳይገለበጥ ይመዝገብ። ሌላው ፊደል ነው፤ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ። አንዱ መዝጋቢ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ቃል ነው የሚያየው። ሽፋኑ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉ፤ ለመፈለጊያ ግን ከየቤተሰቡ አንድ ፊደል መርጣችሁ በተጨማሪ ዓምድ አስገቡ፣ ምርጫውንም ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እስከ ሦስት ሺህ መጽሐፍ ድረስ በኤክሴል ይሠራል። መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳያቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው በዲዊ አመዳደብ የምትሄዱ ከሆነ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። የአማርኛ ቋንቋ በ490ዎቹ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በ890ዎቹ ጠባብ ጥግ ስለሚወድቅ ልቦለድን ለብቻው «ልብ» ብሎ ከነደራሲው የመጀመሪያ ፊደል መለየት ለአንባቢም ለሠራተኛም ይቀላል።

የመዝገቡን ቅጂ ሌላ ሕንፃ ውስጥ አስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የተዘረፈውና የወደመው ብዙ ነው፤ መዝገቡ አብሮ ከጠፋ ምን እንደነበረ እንኳ ማስረዳት አይቻልም። ፍላሽ ላይ ያለ ቅጂና በየሦስት ወሩ የታተመ ወረቀት ይበቃል።

ስልክ የማይሰጠው ሌላም ነገር አለ፤ የአካባቢው መደርደሪያ። የከተማዋ የድሮ ፎቶ፣ የትምህርት ቤቶች መጽሔት፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ስለ አካባቢው የተጻፉ የምርምር ወረቀቶች ቅጂ፣ ከሽማግሌዎች የተቀዳ መንዙማና የአምባሰል ግጥም። ኢንተርኔት ላይ የለም፣ ሰዎቹ ሲያልፉ ደግሞ አብሮ ያልፋል። ይህ መደርደሪያ ለውሰት አይወጣም፣ እዚያው ይነበባል።

መግቢያ አታስከፍሉ። አምስት ብር እንኳ ቢሆን የሚያስቀረው ይበልጥ የሚያስፈልገውን ልጅ ነው። የዩኔስኮና የኢፍላ (የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫም አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ነፃ ይሁን ይላል። ለወረቀትና ለኮላ ወጪ ከኮፒና ከህትመት የሚገኘው ይበቃል። ለውሰት ደግሞ የብር መያዣ ሳይሆን የቀበሌ መታወቂያና አንድ ዋስ፣ ተማሪ ከሆነ የወላጅ ፊርማ ያዙ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት መጽሐፍ፣ ለ14 ቀን። የመማሪያ መጻሕፍት አይወጡም። የሚዘገየውን በገንዘብ መቅጣት ልጁን ከነመጽሐፉ ያስቀረዋል፤ እስኪመልስ ሌላ እንዳይዋስ ማድረግ ይሻላል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቆጠራ ይኑር። በር ላይ ያለው ሠራተኛ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የተቀመጠውን ሰው ይቁጠርና በደብተር ይጻፍ፤ ጠዋት 4፡00፣ ከቀኑ 10፡00፣ ማታ 1፡00 ላይ ሦስቱ ቢያዙ ይበቃል። ወንበር አጥቶ የተመለሰውንም ለብቻ ይጻፍ፤ ሁለተኛ ክፍል ስትጠይቁ ቀበሌው ፊት የምታስቀምጡት ያንን ገጽ ነው።