ክብደቱን ሳታውቁ ሞላ አትግዙ

ልጆቼ፣

ፎር ባይ ፎር መኪና እጃችሁ ሲገባ የመጀመሪያው ምኞት ከፍ ማድረግ ነው። ሞላና ሾክ አብዞርበር ይገዛል፤ ጥቂት ቆይቶ የብረት ፓራውልት ይታሰራል፤ ቀጥሎ ዊንች፣ ማለትም የተቀረቀረ መኪና በገመድ የሚስበው መሣሪያ፣ ይመጣል። ከዚያ መኪናው አፍንጫውን ደፍቶ ይቆማል፣ ጉድጓድ በመታ ቁጥርም እስከ ታች እየወረደ ይጋጫል፣ “ሞላው ፎርጅድ ነው” ይባላል። ብዙ ጊዜ ሞላው ጤነኛ ነው፤ ሲመረጥ ፓራውልቱም ዊንቹም አልነበሩም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መኪናው ላይ የሚሰቀለው ሁሉ ይወሰን፣ ይታሰር፣ ይመዘን፤ ሞላ መጨረሻ ላይ ይገዛ።

ስትመዝኑ የፊትና የኋላ አክስልን ለየብቻ አስመዝኑ። ታንኩ ሙሉ ይሁን፣ ሁልጊዜ ተጭኖ የሚኖረው ዕቃ በቦታው ይኑር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳፈረው ሰውም ይቀመጥ። በዓመት አንዴ የሚጫነውን እርሱት። የተገኘውን ቁጥር ፋብሪካው ለየአክስሉና ለጠቅላላ ክብደት ካስቀመጠው ጣሪያ ጋር አስተያዩ። ጠንካራ ሞላ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል እንጂ የሻንሲውን፣ የኩሽኔታውንና የፍሬኑን አቅም አይጨምርም።

ክብደቱ የተሰቀለበት ቦታም ይቆጠራል። የብረት የፊት ፓራውልት እንደ መኪናው ዓይነት ከ40 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ ዊንች ከነሽቦ ገመዱ ሌላ 40 ኪሎ ገደማ ይጨምራል። ሁለቱ አንድ ላይ 100 ኪሎ ናቸው እንበል። የክብደታቸው መሃል ከፊት አክስል 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥቶ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 2.7 ሜትር ከሆነ፣ የፊቱ አክስል ላይ የሚያርፈው 133 ኪሎ ነው፤ የኋላው በ33 ኪሎ ይቀልለዋል። ከኋላ ፓራውልት ላይ ትርፍ ጎማና ጀሪካን ስትሰቅሉ ይኸው ነገር ተገልብጦ ይመጣል፤ ፊቱ ይቀልልና መሪው ሜዳ ላይ መዋለል ይጀምራል። የዊንቹን የሽቦ ገመድ በሰው ሠራሽ ገመድ መተካት ብቻውን ብዙ ኪሎ ይቀንሳል። ከፊት ጫፍ ላይ የሚቀነስ ኪሎ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ዋጋ አለው።

ሞላ አምራቾች ዕቃቸውን የሚከፋፍሉት በቋሚ ጭነት ነው፤ ለፊት እስከ 50 ኪሎ፣ ከ50 እስከ 110 ኪሎ፣ ለኋላ ደግሞ 200 ወይም 400 ኪሎ እየተባለ። “ለማንኛውም” ብላችሁ ከፍ ያለውን አትውሰዱ። ለ400 ኪሎ የተሠራ ሞላ ባዶ መኪና ላይ ሲገባ ጎማው መንገዱን እየለቀቀ ይዘላል፤ ሞላው መዋጥ የነበረበት ምት ወደ ሻንሲው ያልፋል፤ ከጊዜ በኋላ የሾኩ መያዣ ይሰነጠቃል። ከፍታው በክር በሚስተካከል ሾክ ላይም ተመሳሳይ ስህተት አለ። ክሩን ስታጠብቁ መኪናው ይነሣል፣ ግን ሞላው አልጠነከረም፤ ጎማው ወደ ታች ሊወርድ የሚችልበትን ርቀት ብቻ ነው የቀነሳችሁት።

ከመፍታታችሁ በፊት አራቱንም ማዕዘን ለኩ። ከቸርኬው መሃል ቀጥታ እስከ መከለያው ጠርዝ ለኩ፤ ከመሬት ከለካችሁ የጎማው መጠንና ንፋስ ልኬቱን ያበላሽባችኋል። የግራና የቀኙ ሞላ በርዝመት ቢለያዩ ወደ ሻጩ አትሩጡ፤ ሾፌሩና ታንኩ ያሉበት ጎን ስለሚከብድ ሆን ተብሎ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ምልክቱን አይታችሁ በየጎኑ ግጠሙ። አዲስ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ እንደሚቀመጥም ጠብቁ።

ከፍታውን በተመለከተ የኔ ፍርድ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ አንዱ ችግር ሌላውን ይጎትታል። የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱበት መኪና ላይ የሲቪ ጆይንቱ፣ ማለትም ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ታጣፊ መገጣጠሚያ፣ ማዕዘኑ ይሰፋል፤ የላስቲክ ሽፋኑ ይቀደድና ግሪሱ ወጥቶ አሸዋ ይገባል። ፊቱ ደረቅ አክስል (ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ግንድ የሚያያይዝ) ከሆነ ደግሞ አክስሉ ዞሮ የካስተር ማዕዘኑ፣ ማለትም መሪው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዘንበል፣ ይቀንሳል፣ መሪው ከዞረ በኋላ ራሱ መመለስ ያቅተዋል፤ ማስተካከያ ጎሚኒ ወይም ሳህን ያስፈልገዋል። አክስሉን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግም ሲነሣ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። በብዙ መኪኖች ላይ የኋላ ፍሬንን በጭነት መጠን የሚያስተካክል ቫልቭ አለ፤ መኪናው ሲነሣ ቫልቩ “ባዶ ነው” ብሎ ስለሚያስብ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። የቫልቩ ክንድ ካልተስተካከለ ውጤቱን የምታውቁት ድንገት ፍሬን ስትይዙ ነው።

በሾኩ ራስ ላይ የሚገባውን ማስነሻ ቁራጭ ብዙ ሰው በርካሽነቱ ይወደዋል። እኔ አልመክረውም። ጎማው ከወትሮው ዝቅ ብሎ ስለሚንጠለጠል ቦል ጆይንቱ (የጎማው እግር የሚዞርበት ኳስ መገጣጠሚያ) እና ሲቪ ጆይንቱ ከልካቸው ያልፋሉ፣ የእንቅስቃሴው ርቀትም አይጨምርም።

ሾክ አብዞርበር የሞላውን መወዛወዝ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው። ሞገድ በሞገድ በሆነ የጠጠር መንገድ ላይ ለረጅም ሰዓት ሲነዳ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ከጋዙ ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ፒስተኑን አይገታም። ባለ አንድ ቱቦው ዘይቱ ያለበት ግድግዳ በቀጥታ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል፤ ጠላቱ ድንጋይ ነው፣ ቱቦው ከተደነቆለ ፒስተኑ እዚያው ላይ ይያዛል። ባለ ሁለት ቱቦው ቀስ ብሎ ይበርዳል፣ የውጭው ቱቦ ግን ድንጋዩን ይችልለታል። ጭነት ይዛችሁ በዝግታ ድንጋያማ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ሰፊ ፒስተን ያለው ባለ ሁለት ቱቦ ይበቃችኋል። የምትገዙት የትኛውንም ቢሆን ሲሉና ጎሚኒው ለብቻው እንደሚገኝ ጠይቁ። ዘንጉን በፒንሳ የሚይዝ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት፤ ክሮሙ ላይ የቀረ ጭረት ሲሉን ይበላዋል።

ባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ፣ ላይ ዋናው ቅጠል ጫፉ ላይ ተጠቅልሎ ጆሮ ሲሠራ፣ ሁለተኛው ቅጠልም ያንን ጆሮ የሚያቅፍበትን ምረጡ፤ ዋናው ቢሰበር እንኳ አክስሉ ቦታውን አይለቅም። ባሌስትራውን ከአክስሉ የሚያስረውን ዩ ቦልት በአዲስ ተኩ፤ አንዴ ጠብቆ የተለጠጠ ክር ሁለተኛ ጊዜ በልኩ አይይዝም። ዩ ቦልቱ ሲላላ ጭነቱ ሁሉ የመሃሉ ብሎን ላይ ይወድቃል፣ ብሎኑ ይቆረጣል፣ አክስሉ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። በባሌስትራና በሻንሲ መካከል የንፋስ ከረጢት መጨመር ለጫኝ ፒክ አፕ ያጓጓል፣ ግን ተጠንቀቁ፤ ባሌስትራ ጭነቱን ለሁለት ጫፎች ሲያካፍል ከረጢቱ ግን አንድ ነጥብ ላይ ይገፋል፣ ከኋላ ከመጠን በላይ የተጫነ ሻንሲም እዚያው ላይ ይጎብጣል።

አሁን ብዙ ጋራዥ የሚያልፈው ነገር። የጎማ ጎሚኒ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው፤ ውስጡና ውጩ ከብረት ቀለበቶች ጋር ተጣብቋል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ ጎሚኒው ያንን የተንጠለጠለ ቦታ እንደ ዕረፍቱ ይይዘዋል። መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ቆሞም ተጠምዝዞ ይውላል፣ አዲሱ ዕቃ በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስይዙ፣ መኪናውን በጎማው ላይ አውርዱ፣ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት፣ ከዚያ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ በመመሪያው ልክ አጥብቁ። ፖሊዩሪቴን ጎሚኒ ዘይትን ይቋቋማል፣ ግን ግሪስ ካላገኘ ይጮኻል፤ አክስሉ በሰፊው መጠማዘዝ ያለበት ቦታ ላይም ደርቆ ይይዘዋል።

ወደ ፓራውልት ስንመጣ፣ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን እዩ። አካሉ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢሆን ይበቃል፤ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት ሳህን ግን 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። ብየዳው ቀጣይነት ያለው፣ ጠርዙን ያልበላ መሆኑን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ወፍራም ቀለም ብዙ ይደብቃል። ውኃ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው ከውስጥ ይበሰብሳል። አሉሚኒየም የብረትን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው ክብደቱ፣ ሲጎብጥ ግን መልሶ ማቅናት ከባድ ነው፣ ብየዳውም እንደ ብረት በየደረሱበት አይገኝም። ኤርባግ ላለው መኪና ደግሞ ለዚያው ሞዴል የተሠራ፣ መያዣው በግጭት ጊዜ በደረጃ የሚጨማደድ ፓራውልት ካልሆነ አትሰሩበት፤ ድርቅ ያለ ብረት የግጭቱን ምት ስለሚለውጥ ኤርባጉ በሰዓቱ ላይነፋ ይችላል። መብራቶችና ዊንቹ የራዲያተሩን ነፋስ የሚጋርዱበትንም መጠን ተመልከቱ።

መጎተቻው ላይ ልመናዬ አንድ ነው፤ ፓራውልቱ ላይ የተበየደ ቀለበት ጌጥ እንጂ መጎተቻ አይደለም። መጎተቻ በብሎን ሻንሲው ላይ የታሰረና የመሸከም አቅሙ የተጻፈበት ነው። ገመዱን ከመጎተቻው የሚያያይዘው ሻክልም እንዲሁ፤ በተለምዶ የ19 ሚሊ ሜትሩ የሥራ ጭነት 4.75 ቶን ነው። ተጎታች የሚያያዝበትን ኳስ ለመንጠቂያ ገመድ ፈጽሞ አትጠቀሙበት፤ ሲቆረጥ እንደ ጥይት ይወረወራል፣ ሰው ገድሏል።

ብሎን ራሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 8.8 የሚል ብሎን 800 ሜጋ ፓስካል ላይ ይበጠሳል፣ መለጠጥ የሚጀምረው 640 ላይ ነው፤ 10.9 ደግሞ 1000 እና 900 ነው። “አይዝግም” ተብሎ የሚገባው ኤ2-70 የማይዝግ ብሎን 450 ላይ መለጠጥ ስለሚጀምር ከ8.8 ያነሰ ነው፤ ለታርጋ ይሁን እንጂ ለፓራውልት መያዣ አይሆንም። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ አንዴ ከተፈታ ይጣል።

ሁሉም ታስሮ ሲያልቅ እያንዳንዱን እግር አንጠልጥላችሁ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው አዙሩ፤ የፍሬን ቱቦው መወጠር የለበትም። አላይመንት አሠሩ፣ አፍንጫው ስለተነሣ ፋኖሱን ዝቅ አድርጉ። በእያንዳንዱ ትልቅ ብሎን ላይ ከዳዶው እስከ ሳህኑ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ሥር ገብታችሁ መስመሮቹን እዩ፤ የተሰበረ መስመር ያለበት ዳዶ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ዩ ቦልቶቹን ግን መስመራቸው ባይሰበርም በቶርክ መፍቻ እንደገና አጥብቁ፤ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ሲቀመጡ ዳዶው ሳይዞር ይላላሉና።