ከጥቃት በኋላ ባሉት ቀናት፦ ከጎንደር ነዋሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በጎንደር ከተማ በነርስነት ለረጅም ዓመታት ያገለገልኩ ሲሆን፣ አሁን በሠፈራችን የሴቶች እድር ውስጥ የፆታ ጥቃት የደረሰባቸውን እኅቶች ወደ ሕክምናና ወደ ሕግ ከሚያደርሱት አንዷ ነኝ። ሰሞኑን ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልኳቸውን፣ የጠያቂዎቹን ማንነት ሳልገልጽ፣ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ልጄ ትናንት ማታ ተደፍራለች። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ነው ወይስ ሆስፒታል የምወስዳት?

መልስ፦ ወደ ሕክምና ይውሰዷት። ክሱ በኋላም ይደረስበታል፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሠራም። በዚያው ጊዜ ውስጥም ቢሆን በቶሎ የተጀመረው ይሻላል፤ ከተጀመረ በኋላ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ የአባላዘር በሽታዎች ሕክምናና የጉበት ቢ ክትባትም አብረው ይታሰባሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ይቀበላል። በር ላይ ላገኙት ሠራተኛ ሁሉ ታሪኩን መዘርዘር አይጠበቅብዎትም፤ «ከሐኪም ጋር ለብቻ መነጋገር እንፈልጋለን» ማለት ይበቃል። ይህን የምለው፣ አንድ ቦታ የካርድ ሠራተኛ የአንዲትን ልጅ ጉዳይ በሰው ፊት ጮክ ብሎ ሲጠይቃት፣ ልጅቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተመልሳ ስትወጣ ስላየሁ ነው።

ጥያቄ፦ ገላዋን አጥቤያታለሁ፤ ልብሷንም ዘፍዝፌዋለሁ። ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም። እናት ሆኖ የቆሸሸ የልጅን ልብስ አለማጠብ ከባድ ስለሆነ ራስዎን አይውቀሱ። በሰውነት ላይ ያለው ጉዳት፣ የልጅቱ ቃል፣ በሰዓቱ ያያት ሰው፣ በስልክ የተላከ መልእክት፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። ያልታጠበ ልብስ ካለ ግን በፌስታል አይቋጠር፤ እርጥበቱ ታምቆ ያበላሸዋል። በንጹሕ የወረቀት ከረጢት፣ ከሌለም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎች መጥተው «ያግባት፣ ካልሆነም ካሳ ይክፈል» አሉን። እምቢ ማለት ነውር አይሆንብንም?

መልስ፦ በአገራችን ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎችን አከብራለሁ፤ ይህ ጉዳይ ግን የእነርሱ አይደለም። ብዙዎች የሚያስታውሱት የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው፤ በዚያ ሕግ ደፋሪው ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት መንገድ ነበረ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን ሽሮታል። ዛሬ በአንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ተጎጂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ከሆነች እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ጋብቻው ራሱ ሌላ ወንጀል ነው። ሽማግሌዎቹን ቡና አጠጥተው ይሸኟቸው፤ ፊርማ ግን አይስጡ።

ጥያቄ፦ አርግዛ ብትገኝስ?

መልስ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር የተፈጠረ እርግዝና በሕክምና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለዚህም የሴቲቱ ቃል በቂ ነው፤ የፍርድ ቤት ውሳኔም ሆነ የፖሊስ ወረቀት እንደ ማስረጃ አይጠየቅባትም። ምርጫው ግን የራሷ ነው።

ጥያቄ፦ የሚያስገድደኝ ባሌ ነው። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» ስለሚል፣ በዚህ አንቀጽ ሊከሰስ አይችልም። ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። ድብደባውና የአካል ጉዳቱ ግን ያስከስሳሉ፤ ሕክምናውም ለእርስዎ እንደማንኛዋም ሴት ክፍት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ፣ ከመወሰንዎ በፊት እዚያ ያማክሩ።

ጥያቄ፦ እኛ ጎረቤቶች ምን እናድርግ? ልጅቱ ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት፤ ደፋሪው የአሠሪዋ ዘመድ ነው።

መልስ፦ የዛሬ ሌሊት ማደሪያዋን አስቀድሙ፤ ወደዚያ ቤት ተመልሳ መተኛት የለባትም። ከእናንተ አንዷ ፍራሽ ታንጥፍላት፤ ነገ ደግሞ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አብራችኋት ሂዱ። «ለምን ዝም አልሽ» የሚል ሰው አጠገቧ አይቀመጥ። የእኛ እድር ለባጃጅና ለምግብ የሚያወጣውን ገንዘብ በመዝገቡ ላይ «ለሕክምና» ብሎ ብቻ ይጽፋል፤ ስሟ አይገባም፤ ገንዘብ ያዥዋም አትጠይቅም። ከሁሉ የሚረሳው የመድኃኒቱ ክትትል ነው። ክኒኑ አንዳንዷን ስለሚያቅለሸልሽ በሁለተኛው ሳምንት ላይ ታቆመዋለች፤ ስለዚህ አንድ ሰው ምግብ እያቀመሰ፣ ሰዓቱን እያስታወሰ እስከ 28ኛው ቀን አብሯት ይቁጠር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ቀጠሮ በተቀየረ ቁጥር ብቻዋን አትሂድ፤ ብዙ ክስ የሚቋረጠው ምስክር ጠፍቶ ሳይሆን ልጅቱ ሰልችታ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጥያቄ፦ ከገጠር ወደ ጎንደር የሚያመጣው መንገድ ከተዘጋስ?

መልስ፦ መንገዱ እስኪከፈት አትጠብቁ። ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና የመጀመሪያው መድኃኒት እዚያ ይጀመር።

ጥያቄ፦ ጸበል እያስጠመቅኳት ነው። ክኒኑን ላቋርጥ?

መልስ፦ አያቋርጡ። አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ክኒኑን በጸበሉ ትዋጠው፤ ሰዓቱ ግን እንዳይዛነፍ።