ድምፅ በዓሣ መንጋ ውስጥ ሲደክም

ውድ ወጣቶች፣

የዓሣን ሀብት በድምፅ ለመለካት የምትዘጋጁ ሁሉ አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ የምሻው ነገር፣ መሣሪያው ከእውነታው አሳንሶ የሚነግራችሁ ዓሣው እጅግ በበዛበት ቦታ መሆኑን ነው።

ከመርከቡ ሥር የተገጠመው ኢኮሳውንደር ወደ ታች የሚልከው ድምፅ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ተጉዞ ከዓሣው ሲመለስ፣ በተመለሰው ድምፅ ብርታት የዓሣው ብዛት ይሰላል። ይህ ስሌት ለሳሳ መንጋ በሚገባ ይሠራል። መንጋው ሲወፍርና ሲታጨቅ ግን ከላይ ያሉት ዓሦች የድምፁን ከፊል ይበትኑታል፣ ከፊሉንም ውጠው ያስቀሩታል፤ ከታች ላሉት የሚደርሳቸው ትራፊው ነው፤ ከእነርሱ የሚመለሰውም ያንኑ መንጋ ዳግመኛ አቋርጦ መውጣት ስላለበት እንደገና ይቀንሳል።

የጎላው ምሳሌ ሄሪንግ የተባለው የኖርዌይ የባሕር ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከልክ ባለፈ ማስገር ተመናምኖ የነበረው ይህ ዓሣ፣ በ1983 በተፈለፈለው ትውልድ ብርታት ካንሰራራ በኋላ፣ የብርዱን ወራት ኦፎትፊዮርድና ቲስፊዮርድ በተባሉ የሰሜን ኖርዌይ ፊዮርዶች፣ ማለትም በተራሮች መካከል ወደ የብስ በገቡ ጠባብ የባሕር ክንዶች፣ ታጭቆ ያሳልፍ ነበር። እንዲህ ባለው መንጋ ላይ ስታልፉ ስክሪኑን ልብ ብላችሁ እዩት፤ የመንጋው አናት ደምቆ ግርጌው ይደበዝዛል፣ ከሥሩ ያለው የባሕር ወለል መስመርም ይሳሳል፤ መንጋው እንዳለፈ ወለሉ ወዲያው ተመልሶ ይደምቃል። አለቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወደ እርሱ የደረሰው ድምፅ ነው። በዚህ ልዩነት መንጋው ምን ያህል ድምፅ እንዳስቀረ መገመት ይቻላል፤ ተመራማሪው ኬኔት ፉትም እ.ኤ.አ. በ1990 የማረሚያውን ስሌት አሳትሟል። የፊዮርድ ወለል ግን አብዛኛውን ጊዜ ተዳፋት በመሆኑ፣ ሜዳ ባልሆነበትና ዓይነቱ በሚለዋወጥበት ስፍራ ይህን ንጽጽር አትመኑት።

ለአንድ ጥልቀት ያገኛችሁትን የማረሚያ ቁጥርም ለሌላው እንዳለ አትውሰዱት። ድምፁን በዋናነት የሚመልሰው በዓሣው ሆድ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ሲሆን፣ ሄሪንግ አየሩን ከውኃው ገጽ ጎርሶ ስለሚሞላው በጠለቀ ቁጥር ከረጢቱ በግፊት እየጠበበ ይሄዳል። የዓሣው አካል ዘንበል ማለትም ሆነ የድምፁ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ውጤቱን ይለውጣል።

ማረሙን መተው ለዓሣ አጥማጁ የሚፈቀደውን ድርሻ ያለአግባብ ያሳንሳል፤ አብዝቶ ማረም ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ ከዚያ የባሰ ነው፤ የሌለ ዓሣ እንዲጠመድ ይፈቅዳልና። ስለዚህ ጥሬውን መረጃ ከነወለሉ አስቀምጡ፣ የታረመውንና ያልታረመውን ግምትም ጎን ለጎን አቅርቡ።