ዲጂታልና የእጅ ስራ ለምትቀላቅሉ ወጣት አርቲስቶች

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ "ይሄ ዲጂታል ነው ወይስ እውነተኛ ስዕል?" የሚለው ጥያቄ እንዳማረራችሁ ትነግሩኛላችሁ። ተዉት በቃ። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1912 የወንበር ሽመና የታተመበት ሙሻማ ስዕሉ ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ ከቦታል፣ ጀርመናዊቷ አርቲስት ሃና ሆክም ፎቶ ከመጽሔት እየቆረጠች ስትሰራ ኖራለች፣ የታተመ ነገርና የእጅ ስራ ከተጋቡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ስክሪን ላይ ያለው ምስል ወረቀት ወይ ሸራ ላይ ሲወርድ ኢንክ ወይ ቶነር (የሌዘር ፕሪንተር የዱቄት ቀለም) ይሆናል፣ ማለትም እንደ ዓይነቱ ውሃ ሊያሟሟው፣ ሊላጥ ወይ ፀሐይ ሊያደበዝዘው የሚችል ነገር ይሆናል፣ ስለዚህ ብሩሽና ቀለማችሁን የምታውቁትን ያህል እሱንም እወቁት።

ትራንስፈርን፣ ማለትም የታተመ ምስል ከወረቀት ወደ ሸራ ማሸጋገርን፣ እንይ። ምስሉን በሌዘር ፕሪንተር ታትማላችሁ፣ ሸራው ላይ አክሪሊክ ጄል ሚዲየም (ሲደርቅ የሚጠራ ወፍራም የአክሪሊክ ማጣበቂያ) ትቀባላችሁ፣ ህትመቱን በፊቱ ደፍታችሁ አየሩ እስኪወጣ ከመሃል ወደ ዳር እየተጫናችሁ ትለጥፉና እንዲደርቅ አሳድሩት። በማግስቱ ጀርባውን አርጥባችሁ ወረቀቱን በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ስታሹት እየተጠቀለለ ይለቃል፣ ምስሉ ጄሉ ውስጥ ይቀራል። ሲደርቅ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ይመጣበታል፣ አትደንግጡ፣ ያልወጣ የወረቀት ቃጫ ነው፣ መልሳችሁ አርጥቡና እሹት፣ ግን እዚህ ጋ የቸኮለ ምስሉንም አብሮ ይልጠዋል። ምስሉ ስለሚገለበጥ ጽሁፍ ካለበት ከማተማችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት። ደግሞ በተራ ኢንክጄት ያተማችሁትን እንዲህ ላድርገው ብትሉ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል፣ ቶነር ግን ፕላስቲክነት ስላለው ውሃ አያሟሟውም። ልዩነቱ ይሄው ነው እንግዲህ፣ ፕሪንተር መምረጥም የስዕሉ አካል ነው የምለው ለዚህ ነው።

ህትመት ላይ በቀጥታ የምትቀቡ ከሆነ የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት አትጠቀሙ፣ ቀለሙን አይዝላችሁም፣ ማት (የማያብረቀርቅ) የሆነ አሲድ የሌለው የጥጥ ወረቀት ይሻላል፣ ኢንኩም ፒግመንት (ደቃቅ የቀለም ብናኝ ያለበት) ይሁን፣ ብርሃን ይችላል። አክሪሊክ ላይ የዘይት ቀለም መቀባት ይቻላል፣ ዘይት ላይ አክሪሊክ ግን ውሎ አድሮ ይላጣል። ስክሪን ራሱ ብርሃን ስለሚያወጣ እዚያ ላይ የሚጮኸው ሰማያዊና አረንጓዴ ሲታተም ይሞታል፣ ትንሽ ቁራጭ አሳትማችሁ ሳታዩ ትልቁን አታሳትሙ። ንድፋችሁን በእጥፍ አሳድጋችሁ ልታትሙት ከሆነ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ስካን አድርጉት፣ ያኔ ሲታተም 300 ይሆናል፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማሳደግ መስመራችሁን ያበላሸዋል፣ እኔ በበኩሌ አልመክርም።

ፋይል አያያዝ ላይ ብዙዎቻችሁ ግድ የላችሁም፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ታዋቂው አሜሪካዊ አርቲስት አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1985 አሚጋ ኮምፒውተር ላይ የሰራቸው ስዕሎች የታዩት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፣ ዲስኮቹ ሙዚየም ውስጥ በክብር ተቀምጠው ሳለ ፎርማታቸውን የሚያነብ ስለጠፋ ባለሙያዎች ተሰብስበው መፍታት ነበረባቸው። እሱ ዋርሆል ስለሆነ ፈታቾች አገኘ፣ የእናንተን ግን ማን ይፈታላችኋል? ሌየሮቹ (የስዕሉ ንብርብሮች) ያሉበትን ፋይል ያዙ፣ አንድ ቲፍ (ጥራቱን የሚጠብቅ የምስል ፋይል) ኮፒም ጎን ለጎን ይኑራችሁ፣ ጄፔግ እየከፈታችሁ ደጋግማችሁ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል። ኮፒዎቹን ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ ማመን አይሆንም።

ስራው ሲያልቅ ደግሞ ጀርባው ላይ በእርሳስ የወረቀቱን ዓይነት፣ ኢንኩን፣ ከላይ የቀባችሁትን ቫርኒሽ (መከላከያ ሽፋን) እና ዓመቱን ጻፉ፣ የፋይሉንም ስም ጨምሩበት፣ አንድ ቀን የሚጠግነው ሰው ውሃ ያስነካው አያስነካው የሚያውቀው ከዚያች ጽሁፍ ነው።