ኤስኤስኤምኤልን ስትሪንግ እየቀጠሉ አይሥሩት

ወንድማችን ከሐረር፣ ለደንበኞች በድምፅ መልስ የሚሰጥ ረዳት መተግበሪያ እየሠሩ መሆንዎን ገልጸው፣ ኤስኤስኤምኤሉን (ጽሑፉ እንዴት እንደሚነበብ ለድምፅ አገልግሎቱ የሚነግረውን ቋንቋ) በኮድ ውስጥ ስትሪንግ እየቀጠሉ፣ ማለትም የጽሑፍ ቁርጥራጮችን እያጋጠሙ፣ ያመንጩት ወይስ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ ኮድ) ይጠቀሙ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ እዚህ ድሬዳዋ ይህንኑ ሥራ ስትሪንግ እየቀጠልኩ ሠርቼ ዋጋ ስለከፈልኩበት፣ እርስዎም እንዳይከፍሉ የደረሰብኝን እጽፋለሁ።

1ኛ. ሌላ ሰው የሞላውን ስም ወይም አድራሻ በቀጥታ በታጎች (በማዕዘን ቅንፍ በሚጻፉት የትእዛዝ ምልክቶች) መካከል አያስገቡ። ኤስኤስኤምኤል የኤክስኤምኤል፣ ማለትም መረጃን በታጎች ከፋፍሎ የሚጽፍ ቋንቋ፣ ዓይነት ነው፤ በኤክስኤምኤል ደግሞ «&» እና «<» የራሳቸው ሥራ ስላላቸው፣ እንዳሉ ከገቡ የሚበላሸው አንዱ ቃል ብቻ ሳይሆን ሰነዱ በሙሉ ነው። ይህን የተማርኩት በርክክብ ቀን ነው። ሳቢያን ለሚገኝ አንድ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት፣ ደንበኛ ሲደውል ዕቃው መድረሱን በሱቁ ስም እየጠራ የሚነግር ረዳት ሠርቼ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ራሴ በፈጠርኳቸው ስሞች ስሞክረው አንድም ቀን አልተሳሳተም። በርክክቡ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ከመዝገባቸው አንድ ደንበኛ መረጡ፤ የሱቁ ስም የአባትየው ስም፣ ቀጥሎ «&»፣ ቀጥሎም «ልጆቹ» የሚል ነበር። ደወሉ፤ ስልኩ ዝም አለ። ደግመው ደወሉ፤ አሁንም ዝም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «አማርኛ ለማሽን አይሆንም ብዬህ ነበር» አሉኝ፤ ሎጉን (የፕሮግራሙን የስሕተት መዝገብ) ከፍቼ ላሳይዎት ብዬ ብለምናቸውም አልሰሙኝም። ቀሪው ክፍያዬ አራት ወር ዘገየ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ያ ንግግር ነው፤ አማርኛው አንዳች ጉድለት አልነበረበትምና። ያንኑ ዕለት ማታ አንዷን ምልክት ሳስተካክል፣ በአዙር (በማይክሮሶፍት የኢንተርኔት አገልግሎት) ላይ ያለው «መቅደስ» የተባለው የአማርኛ ድምፅ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጥርት አድርጎ አነበበው።

ስለዚህ ታጎቹን በዛፍ መልክ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ እያደረገ፣ የሚገነባ ላይብረሪ ይጠቀሙ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ከሆነ ኤለመንትትሪ የተባለው እንዲህ ያለ ላይብረሪ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ስሙን እንደ ተራ ጽሑፍ ሲሰጡት አደገኛ ምልክቶቹን ራሱ ይለውጣቸዋል። እርስዎ አስቀድመው ለውጠው ከሰጡት ግን ሁለት ጊዜ ይለወጥና ድምፁ በሱቁ ስም መካከል «አምፕ» የሚል ባዕድ ቃል ማንበብ ይጀምራል፤ ይህም ደርሶብኛል።

2ኛ. ኤለመንትትሪ ሁለት ወጥመዶች አሉት። ከብሬክ ታግ (ድምፁ ጥቂት እንዲያርፍ ከሚያዝዘው) በኋላ የሚነበበው ጽሑፍ በብሬኩ «ቴል»፣ ማለትም ከታጉ ቀጥሎ የሚመጣው ጽሑፍ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ላይ እንጂ ብሬኩን በያዘው በእናት ታጉ ጽሑፍ ላይ አይቀጠልም፤ እዚያ ከቀጠሉት ዕረፍቱ ወደ መጨረሻ ይሸሻል። ሁለተኛው ለእኛ ፊደል የተለየ ነው፦ ዛፉን ወደ ጽሑፍ ሲመልሱ ዩኒኮድ (ፊደሎቻችን እንዳሉ የሚጻፉበት) እንዲሆን ካላዘዙት፣ «አ» የነበረው «&#4768;» ሆኖ ይወጣል። ድምፁ በትክክል ያነበዋል፤ ነገር ግን በዩቲኤፍ-8 (ጽሑፍን በኮምፒውተር በሚያስቀምጠው የተለመደ ዘዴ) 3 ባይት ይይዝ የነበረው አንድ ፊደል 7 ባይት ስለሚሆን፣ የመልእክትን ርዝመት በሚገድብ አገልግሎት ላይ ረዘም ያለ መልስ ሳይጠበቅ ውድቅ ይደረጋል።

3ኛ. ሰዓትን እንዴት እንደሚነበብ ለታግ አይተዉ። ሰርቨሩ 08:00 ብሎ የላከውን ረዳቱ «ስምንት ሰዓት» ብሎ ስላነበበው፣ አንዲት እናት ከሐረር ተነሥተው በዚያ በድሬ የቀትር በኋላ ፀሐይ መጋዘኑ ደጃፍ ደርሰው ተዘግቶ አገኙት። ማንም ይቅርታ አልጠየቃቸውም፤ እኔ ግን ደውዬ ጠየቅኋቸው። አሁን ኮዱ 6 ሰዓት ቀንሶ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» ብሎ በፊደል ይጽፈዋል። ቀኑንም እንዲሁ በእኛ አቆጣጠር ለውጠው፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፈው ይስጡት።

ከርክክብ በፊት የደንበኛዎን እውነተኛ መዝገብ ይጠይቁ፤ አንሰጥም ቢሉዎትም ደጋግመው ይጠይቁ። ከዚያ በእያንዳንዱ ስም መልእክቱን አመንጭተው፣ ወደ ድምፅ አገልግሎቱ ሳይልኩ፣ እዚያው በኮዱ መልሰው እንደ ኤክስኤምኤል ያስነብቡት። እኔ ዘግይቼ ይህን ሳደርግ፣ በስትሪንግ ቅጥሉ ከ312 ስሞች 9ኙ ወድቀው አገኘኋቸው፤ በዛፉ ግን አንድም አልወደቀም።