ተውሳከ ግስ ለምታስተምሩ፦ “በ” ጉድ እንዳትሠራችሁ

እህቴ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን የአምና ታሪክ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። “4ኛ ክፍል ተውሳከ ግስ አስተምሬ ልጆቹ ከቅጽል ጋር እየቀላቀሉ አሰቃዩኝ፣ ምን ላድርግ” ነው ያልሽው። ተውሳከ ግስ ግሱን፣ ቅጽል ስሙን ይገልጻል የሚለውን ትርጓሜ ምናምን አልዘረዝርልሽም፣ እሱን ታውቂዋለሽ። እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ፣ አንቺም ወደዛው እየሄድሽ ነው ብዬ ስለጠረጠርኩ።

1. “በ” ያለበት ሁሉ ተውሳከ ግስ ነው ብለሽ እንዳታስተምሪ። እኔ አስተማርኩ። ፈተና ደርሶ ጊዜ አጥሮኝ ነበር፣ እና በፍጥነት፣ በቀስታ፣ በጥንቃቄ፣ በደስታ ብዬ ሰሌዳው ላይ ደረደርኩና “አያችሁ ልጆች፣ መጀመሪያው ላይ በ ካያችሁ አለቀ” አልኳቸው። ደስ አላቸው፣ እኔም እንደኔ ያለ መምህር ከየት ይመጣል እያልኩ ወደ ቤቴ። ፈተናውን ሳርም ግን ጉዴ ፈላ። “ተውሳከ ግሱን ከሥሩ አስምሩበት” የሚለው ላይ ግማሹ ክፍል በግ ላይ አስምሯል፣ በሬ ላይ አስምሯል፣ በር ላይ አስምሯል፣ አንዷማ “በላ” ላይ ሁለት መስመር አስምራ ጎኑ ላይ አበባ ስላበታለች። ሁሉንም ኤክስ በኤክስ አርጌ መለስኩ። አንድ ልጅ ወረቀቱን ይዞ መጣና “ቲቸር፣ በሬም እኮ በ ብሎ ነው የሚጀምረው” አለኝ። ምን ልበለው? ያልኩትን ነው የሠራው። ቁጭ ብዬ የሁሉንም ነጥብ አስተካከልኩ፣ ማርኩ ግን ቀድሞ ቢሮ ገብቶ ነበር፣ የሱን ጣጣ እመጣበታለሁ።

“ኛ” ያለበትም እንደዛው ነው። “ክፉኛ ታመመ” ሲል ተውሳከ ግስ ነው፣ “ፈረሰኛ” ግን ሰውዬው ራሱ ነው፣ “ሁለተኛ ልጅ” ደሞ ቅጽል። አማርኛ ላይ እንደ ቶሎ፣ ገና፣ ክፉኛ ራሳቸውን ችለው የቆሙት ጥቂት ናቸው፣ የቀረውን ሥራ የሚሠሩት በ የተጨመረባቸው ስሞችና እነ “ቀስ ብሎ”፣ እነ “እየሮጠ” ናቸው፣ ስለዚህ ልጁን ቃሉን በመልኩ ለየው ብትዪው ከየት ያመጣዋል።

2. ግሱን ይጠይቁት። በዚህ በኩል አማርኛ ደግ ነው፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። እሱን ይያዙና እንዴት? መቼ? የት? ምን ያህል? እያሉ ይጠይቁት። ከዛ ጣጣ በኋላ ሰሌዳ ላይ ይቺን ጻፍኩ፦ “በጉ በፍጥነት በቆሎውን በላ።” አራቱም በ! ማን በላ? በጉ። ምን በላ? በቆሎውን። እንዴት በላ ስል ክፍሉ በሙሉ “በፍጥነት!” ብሎ ጮኸ። ያ የበሬው ልጅ ከኋላ “ቲቸር ይሄ ለኔ ነው አይደል?” አለኝ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሳስብ ነው ያመሸሁት፣ እና አዎ እኮራባታለሁ፣ ውሰጃት።

ከቅጽል ጋር ለሚምታታባቸውም ያው ጥያቄ ነው። “ጥሩ ልጅ” እና “ጥሩ ጻፈች” ብለሽ ጎን ለጎን ጻፊና ጥሩ የተባለው ማነው በያቸው። አንዱ ጋ ልጁ፣ አንዱ ጋ መጻፏ። ቃሉ ፊደሉም አልተነካ።

3. አጫውቻቸው። አንድ ግስ ብቻ ትመርጪያለሽ፣ “ተራመደ” በይው፣ በካርድ ላይ በኩራት፣ በፍርሃት፣ እያነከሰ፣ ቀስ ብሎ ብለሽ ትጽፊና አንዱ ልጅ ሲያሳይ ሌላው ይገምታል። ግሱ “ተነሳ” በሆነበት ዙር አንዱ “በስንፍና” ደረሰው። መጀመሪያ አንድ ክርኑን አነሳ፣ ተነፈሰ፣ ተመልሶ ዴስኩ ላይ ተኛ፣ አንድ ዓይኑን ገለጠ... ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ሲል ሱፐርቫይዘሩ በሩን ከፍቶ ገባ። ልጆቹ ፊት “ይሄ ክፍል ነው ቲያትር ቤት?” አለኝ። ሳቁን ሰማ እንጂ ልጆቹ ምን ብለው እንደሚገምቱ አልሰማም። ፎርሙ ላይ “ክፍል መቆጣጠር ይቀራታል” ብሎ ጻፈብኝ።

በሳምንቱ ማርኩን ላስተካክል ቢሮ ስሄድ እሱ ራሱ ቁጭ ብሏል። ቁጭ በይም አላለኝ፣ ቀናም አላለ፣ “ዕቅድሽ ላይ ድራማ የሚል አለ?” አለኝ። የለም አልኩ። “እንግዲያውስ” ብሎ ዝም። ማርኩን ለማስተካከል ሦስት ቀን አመላለሰኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው የልጆቹ አይደለም ብዬ እየለመንኩት። ስለዚህ ይሄን ልብ በይ፣ የዕለት ዕቅድሽ ላይ የማስተማሪያ ዘዴ በሚለው ቦታ “በተግባር ማሳየት” ብለሽ ጻፊ። ያው ጨዋታው ነው፣ ግን እንደዛ ሲባል ማንም አይናገርሽም። እኔ አሁን እንደዛ ነው የምጽፈው፣ ሰውየው መጥቶም ራሱን ነቅንቆ ወጣ። በሚቀጥለው ፈተና በግ ላይ ያሰመሩት ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።

4. “በጣም”ን ለጊዜው አታንሺው። “በጣም ትልቅ” ሲል ቅጽሉን፣ “በጣም ሮጠ” ሲል ግሱን ነው የሚያጎላው፣ ጀማሪ ልጅ ይዞርበታል። ከጠየቁሽ ግን አትዋሺ፣ ሁለቱንም ይችላል በያቸውና እለፊው።

ካርዶቹን ደሞ ወፈር ባለ ወረቀት ሥሪያቸው፣ የኔዎቹ በሁለተኛው ሳምንት ተቀዳደው አለቁ። “በኩራት” የሚለውማ ማን እንደወሰደው እስካሁን አልተገኘም።