ጥያቄና መልስ፦ ጨረታን፣ ውልንና ክፍያን ከመንግሥት ዳታ ላይ ማንበብ

ውል አንባቢ፦ እሺ፣ ቃል በገባሁት መሠረት መጥቻለሁ። ጠይቁ። እኔ የማውቀው ግዥን ነው፤ ጨረታ፣ ውል፣ ክፍያ። ሌላውን ባጭሩ አልፈዋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሁለት ነገር ከወዲሁ ልበል። ያወረዳችሁትን ፋይል አትነካኩት፤ ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒው ላይ ሥሩ። የሚያጠራጥር ቁጥር ደግሞ ጥያቄ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ዛሬ ማታ ይህን ደጋግሜ እንደምለው ይታወቀኛል።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። መንግሥት ዳታውን ሁሉ ቢለቅ ሙስና ይጠፋል?

ውል አንባቢ፦ አይጠፋም። ቀጣይ።

ሎሚ፦ እኛ ወላጆች ነን። ልጆቻችን የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲታደስ በጀት ተይዞለታል። የበጀት ሰነዱን ከድረ ገጽ ላይ አውርደናል። ሥራው ግን የተባለውን ያህል አይመስለንም። ከየት እንጀምር?

ውል አንባቢ፦ ጎሽ፣ ጉዳዩ የተለየ ጥያቄ ይህ ነው። መጀመሪያ በጀቱን ወደ ጎን አድርጉት። በጀት ዕቅድ ነው። ገንዘቡ መውጣቱን እንኳ አይነግራችሁም። የምትፈልጉት ውሉንና አብሮት የተያያዘውን የሥራ ዝርዝር ነው። ስንት በር፣ ስንት መስኮት፣ ምን ዓይነት ቆርቆሮ፣ ስንት ካሬ ሜትር ቀለም የሚለው እዚያ ነው ያለው። እሱን ይዛችሁ ግቢው ውስጥ ገብታችሁ ቁጠሩ።

ፊሊፒንስ ውስጥ በ2003 የተጀመረ የመማሪያ መጻሕፍት ቆጠራ ነበር። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ መጻሕፍቱ የት፣ መቼ፣ ስንት ሆነው እንደሚደርሱ መርሐ ግብሩን ለዜጎች ቡድኖች ሰጠ። ቦይ ስካውቶችና ገርል ስካውቶች ሳይቀሩ ርክክቡ ላይ ተገኝተው ቆጠሩ። ምንም ረቀቅ ያለ ነገር የለውም። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ክምሩ ላይ አለ ወይስ የለም? ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው መርሐ ግብሩ ቀድሞ ስለተሰጠ ነው። መጻሕፍቱ ከተበተኑ በኋላ ቢሰጥ ኖሮ ማን ምን ይቆጥር ነበር?

ጥያቄያችሁም እንደዚያው ይሁን። "ሥራው ጥራት የለውም" አትበሉ። "ዝርዝሩ 12 መስኮት ይላል፣ የቆጠርነው 7 ነው፣ ቀሪው መቼ ይገጠማል?" በሉ። ለሁለተኛው መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ሰው አለ። ለመጀመሪያው ሁሉም ትከሻውን ይሰብቅላችኋል።

ሎሚ፦ የሥራ ዝርዝሩን አንሰጥም ቢሉንስ?

ነገረ ፈጅ፦ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ገቢ አስደርጋችሁ ኮፒውን ያዙ። እምቢታውንም በጽሑፍ ይስጧችሁ። በቃል እምቢ ያለ ሰው ነገ "የጠየቀኝ የለም" ይላል።

ውል አንባቢ፦ እሱ እንዳለው። የሕጉን ነገር ለእሱ ተውት።

ዳታ ሱሰኛ፦ የጨረታ አሸናፊዎችን ዳታ አውርጃለሁ። አንድ ተጫራች ብቻ የቀረበባቸውን ለይቻለሁ። ሌላ ምን ልፈልግ?

ውል አንባቢ፦ አንድ ተጫራች ሁሉም ሰው የሚያየው ነገር ነው። መጥፎ አይደለም፤ ግን አንዳንዱ ዕቃ አቅራቢው ራሱ አንድ ነው። ከእሱ ጋር ማስታወቂያው ስንት ቀን እንደቆየ እይ። ዓርብ ወጥቶ ማክሰኞ የሚዘጋ ጨረታ ማንን ነው የጠራው? የገንዘብ ጣሪያውንም እይ። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ግዥ ግልጽ ጨረታ ያስፈልገዋል። ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ ብለው የተደረደሩ ውሎች ካገኘህ፣ አንድ ግዥ ተቆራርሶ ሊሆን ይችላል። *ሊሆን ይችላል* ነው ያልኩት።

አሁን ወደ እኔ በሽታ ልምጣ። ሁሉም የአሸናፊውን ዋጋ ያያል፤ የውል ማሻሻያውን የሚያይ የለም። ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ድርጅቱ በዝቅተኛ ዋጋ ገብቶ ያሸንፋል። ሌሎቹ ተሰናብተው ይሄዳሉ። ውል ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሣሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ "ያልታሰበ የአፈር ሁኔታ" ይመጣል። ከዚያ "ተጨማሪ ሥራ"። ከዚያ "የዋጋ ማስተካከያ"። በዚህ ጊዜ ተፎካካሪ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ፎቶም የለም። መጨረሻ ላይ የተከፈለው ገንዘብ ሁለተኛ ወጥቶ ከተሸነፈው ተጫራች ዋጋ በልጦ ይገኛል። ታዲያ ያ ሁሉ ጨረታ ለምን ነበር?

ስለዚህ የውሉን ዋጋ፣ በመጨረሻ የተከፈለውን፣ የማሻሻያውን ብዛት ጎን ለጎን አስቀምጥ። የመጀመሪያው ማሻሻያ ውሉ ከተፈረመ በስንተኛው ቀን እንደመጣም ጻፍ። ቀለሙ ሳይደርቅ የተሻሻለ ውል ወይ ጥናቱ የይድረስ ይድረስ ነበር፣ ወይ ቀድሞ ታስቦበታል። የትኛው እንደሆነ ዳታው አይነግርህም።

አሳዛኙ ነገር ብዙ መንግሥታት አሸናፊውን ከነገሩን በኋላ ዝም ማለታቸው ነው። ኦፕን ኮንትራክቲንግ ዳታ ስታንዳርድ የሚባለው አሠራር ለአንድ ግዥ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ያ ቁጥር ከዕቅድ ተነሥቶ በጨረታ፣ በአሸናፊ መረጣ፣ በውል አልፎ እስከ አፈጻጸም ይከተለዋል። ዩክሬን ፕሮዞሮ የተባለውን ሥርዓት በ2015 በሙከራ ጀምራ በ2016 ለሁሉም መሥሪያ ቤት ግዴታ አደረገችው። በዚያው ዓመት ዶዞሮ የሚባል መድረክ ተጨመረ። ተጫራቾችም ተራ ዜጎችም እያንዳንዱ ጨረታ ላይ ቅሬታቸውን የሚጽፉበት ነው። እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ዳታውና ጩኸቱ አንድ ቦታ መገኘታቸውን።

ተጠራጣሪው፦ የዋጋ ንረት ባለበት ሁሉ ማሻሻያ ይኖራል። ሁሉን ሌባ ማለት ልክ አይደለም።

ውል አንባቢ፦ ሌባ ያልኩት የታለ? የዋጋ ማስተካከያ ቀመሩ ብዙ ጊዜ ውሉ ውስጥ አለ። አስላው። ክፍያው ከገጠመ ጉዳዩ ተዘጋ። ካልገጠመ ጠይቅ።

ዳታ ሱሰኛ፦ የቤንፎርድን ሕግም ሞክሬበታለሁ፤ ቁጥሮች በየትኛው አሃዝ ስንት ጊዜ እንደሚጀምሩ የሚገምተውን። በ1 የሚጀምሩ ቁጥሮች 30 በመቶ ገደማ መሆን ነበረባቸው፣ የእኔ ዳታ ግን…

ውል አንባቢ፦ ኧረ ተው በፈጠረህ። ቤንፎርድ የሚሠራው ቁጥሮቹ ከመቶዎች እስከ ሚሊዮኖች ተዘርግተው፣ ሰው ሠራሽ ገደብ ሳይኖርባቸው ነው። ግዥ ላይ አሁን ያልኩህ ጣሪያ አለ። ጣሪያው ራሱ የመጀመሪያውን አሃዝ ያዛባዋል። ወረቀቱ ምንም ሳይሆን ኮምፒውተርህ "ማጭበርበር!" ይልሃል።

ቁጥር ፈሪ፦ እኔ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም። ኤክሴልም ያዝ ለቀቅ ነው። ከዚህ ነገር ልውጣ ይሆን?

ውል አንባቢ፦ አትውጪ። ብራዚል ውስጥ በ2016 የፕሮግራም ባለሙያዎች ሮዚ የምትባል ሮቦት ሠርተው የምክር ቤት አባላትን የወጪ ደረሰኝ ያስፈትሹ ነበር። ደስ ይላል። ግን ሮዚ ያወጣችውን የሚያጣራው ያው ሰው ነው። ለአንድ ሰፈር ጉዳይ ኤክሴል ይበቃሻል።

ኤክሴል ግን ተንኮለኛ ነው። በዜሮ የሚጀምር የምዝገባ ቁጥር ስትከፍቺ ዜሮውን ይበላዋል፤ 00451 የነበረው 451 ይሆናል። ከዚያ ሁለት ሠንጠረዥ ስታገናኚ "አልተገኘም" ይልሻል። ዓምዱን አስቀድመሽ ጽሑፍ ነው በዪው። የረድፍ ገደብም አለው። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮሮና ውጤቶች ከሪፖርት የቀሩት፣ ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይዝ አሮጌ የፋይል ዓይነት ስለሠሩ ነው። መንግሥት ራሱ ከተሳሳተ እኛማ… ለዚህ ነው ዋናውን ፋይል አትንኩ የምለው።

አዲስ ገቢ፦ ዳታ ትንተና እንዴት ነው የሚማሩት?

ውል አንባቢ፦ የምን ዳታ? ምን ልታገኝበት? ጥያቄ ይዘህ ና።

ጸሐፊዋ፦ ግልጽነት ብቻውን ለውጥ ያመጣል ለሚለው የኡጋንዳው ምሳሌ ይበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለትምህርት ቤቶች ከተላከው የድጎማ ገንዘብ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። መንግሥት የሚልከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ሲጀምር በ2001 ከ80 በመቶ በላይ ደረሰ።

ተጠራጣሪው፦ ያ ታሪክ ሲተረክ ግማሹ ይቀራል። በእነዚያው ዓመታት የገንዘብ አላላኩም፣ ቁጥጥሩም ተቀይሯል። ጋዜጣው ብቻውን ነው የሠራው የሚለውን በኋላ የተከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ።

ጸሐፊዋ፦ ጋዜጣው ምንም አልሠራም እያልክ ነው?

ተጠራጣሪው፦ አላልኩም። ርዕሰ መምህሩ ስንት እንደተላከለት ማወቁ ጠቅሞታል። የሚጮህለት ባለሥልጣን ከላይ ባይኖር ግን አውቆ ምን ያደርጋል ነው የምለው።

ሎሚ፦ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እየተባለ ስንት ጋዜጣ ቢታተም…

ውል አንባቢ፦ ተረቱን ለሌላ ቀን። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ክርክሩን ወደ ራሳችሁ ሳጥን ውሰዱት። ግዥ ነው የምናወራው።

ነገረ ፈጅ፦ እሺ ግዥ። ውሉን ጨርሶ የማያወጡ መሥሪያ ቤቶችን ምን ያስገድዳቸዋል?

ውል አንባቢ፦ ስሎቫኪያ ያደረገችውን እይ። ከ2011 ጀምሮ የመንግሥት ውል ኢንተርኔት ላይ ካልወጣ አይጸናም። በ3 ወር ውስጥ ካልወጣ ደግሞ ከነጭራሹ እንዳልተፈረመ ይቆጠራል። አሁን ማን ነው ውሉ እንዲወጣ የሚለምነው? ተቋራጩ ራሱ፤ ካልወጣ ብሩን አያገኝማ! ቅጣትም፣ ስብከትም አላስፈለገም። እንደዚህ ያማረ የሕግ አንቀጽ አላየሁም።

ነገረ ፈጅ፦ አሁን የእኔን ሙያ ወሰድክብኝ።

ቁጥር ፈሪ፦ የድርጅቱ እውነተኛ ባለቤት ማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ውል አንባቢ፦ በአንዳንድ አገር መዝገብ አለ። እንግሊዝ በ2016 ለሁሉም ክፍት አደረገችው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ግን በኅዳር 2022 በኅብረቱ አገሮች መዝገቡ ለማንም ክፍት ይሁን የሚለውን ድንጋጌ የግል ሕይወትን ይጋፋል ብሎ ሻረው። መዝገብ ከሌለ አድራሻ፣ ስልክ፣ የምዝገባ ቀን አመሳክሪ። "ተፎካካሪ" የተባሉ ሁለት ድርጅቶች አንድ ስልክ ሲኖራቸው አስገራሚ ነው።

በስም ብቻ ግን እንዳታገናኙ! በተለይ በእኛ ፊደል። አንዱ ጸሐፊ "ፀሐይ"፣ ሌላው "ጸሃይ" ብሎ ይመዘግባል፤ ለኮምፒውተር ሁለት ድርጅት ነው። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ስም ያላቸው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አሉ። የምዝገባ ቁጥር፣ የምዝገባ ቁጥር፣ የምዝገባ ቁጥር።

የማታ ወፍ፦ ስለ አየር ብክለት ዳታስ?

ውል አንባቢ፦ የእኔ ሙያ አይደለም።

ጸሐፊዋ፦ የሰዎች ስም ያለበት ዝርዝር ይውጣ ስንል አደጋ የለውም? ድሃ ሰው እርዳታ መቀበሉን ጎረቤት ሁሉ ማወቅ አለበት?

የማታ ወፍ፦ ስሙ ካልወጣ የሞተ ሰው ደመወዝ ሲበላ እንዴት ይታወቃል?

ውል አንባቢ፦ የሁለታችሁም ፍርሃት እውነት ነው። ሕንድ፣ ራጃስታን ውስጥ በ1994 የገበሬዎችና የሠራተኞች ማኅበር ሕዝባዊ ችሎት ማካሄድ ጀመረ። የቀን ሠራተኞችን የክፍያ መዝገብ በአደባባይ ጮክ ብለው ያነቡታል። "እገሌ ይህን ያህል ቀን ሠርቶ ይህን ያህል ተቀበለ" ሲባል፣ እገሌ ከሕዝቡ መሃል ተነሥቶ "እኔ እዚያ ሠርቼ አላውቅም" ይላል። የሞቱ ሰዎችም ስም ይወጣል። የሕንድ የመረጃ ነጻነት ሕግ በ2005 የመጣው በዚህ እንቅስቃሴ ግፊት ጭምር ነው። ያ ግን ስሙን ለሚያውቁት፣ ሰውየው ባለበት የተነበበ ነው። ያንኑ ዝርዝር ከነመታወቂያ ቁጥሩ ኢንተርኔት ላይ መስቀል ሌላ ነገር ነው። የሕዝብ ገንዘብ በደመወዝ ወይም በውል የሚከፈለው ይታወቅ። የታማሚና የተረጂ ስም በጅምላ አይለጠፍ። ጸሐፊዋ አትስማማም፤ ይሁን።

ጸሐፊዋ፦ ግማሹን እስማማለሁ።

ሞገደኛው፦ እኛ አንድ ድርጅት በሦስት ዓመት የአንድን መሥሪያ ቤት ጨረታ ሁሉ ማሸነፉን ደርሰንበታል። ነገ ከነባለቤቱ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ልንለቀው ነው።

ውል አንባቢ፦ ምኑን ነው ስጽፍ ያመሸሁት? ማስረጃ አይደለም! ስንት ተጫራች ነበር? ሌሎቹ ለምን ወደቁ? ዳታው የወደቁ ጨረታዎችን ይዟል ወይስ የተሳኩትን ብቻ? መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ ጠይቃችኋል? ድርጅቱን? የመልስ ቀን ሰጥታችኋል? አንድ ስህተት ከተገኘባችሁ የቀረውን እውነት ሁሉ ይዞት ይወድቃል። ስም ማጥፋት ተብሎ መከሰስም አለ።

ሞገደኛው፦ ከጠየቅናቸው ዳታውን ያጠፉታል።

ውል አንባቢ፦ ለዚህ ነው ፋይሉን ከነወረደበት ቀን ያስቀመጣችሁት። አስቀምጣችኋል አይደል? ገጹንም የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ አስቀምጡትና ከዚያ ጠይቁ።

አዲስ ገቢ፦ ዳታውን የት ነው የማገኘው?

ውል አንባቢ፦ ወንድሜ፣ *የምን* ዳታ?

ዳታ ሱሰኛ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ማሻሻያ እይ ብለኸኝ ፋይሌን ፈተሽኩ፤ ስለ ማሻሻያ አንድም ዓምድ የለውም። ጠፋ ማለት ነው?

ውል አንባቢ፦ አልጠፋም፣ ዞረህ ትይዘዋለህ። የክፍያ ዳታ ካለ በውል ቁጥር ደምረው። ድምሩ ከውሉ ዋጋ ከበለጠ፣ ወይ ማሻሻያ አለ ወይ ያለ ማሻሻያ ተከፍሏል፤ ሁለተኛው ይብሳል። መጀመሪያ ግን ታክስ ተካትቶ እንደሆነ አረጋግጥ፤ አንዱ ሠንጠረዥ ከታክስ ጋር፣ ሌላው ያለ ታክስ ከሆነ የሌለ ጉድ ታያለህ። የክፍያ ዳታ ከሌለ የዋና ኦዲተር ሪፖርት ውስጥ የፕሮጀክቱን ስም ፈልግ። የተራዘመ የማጠናቀቂያ ቀንም ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ጊዜው ሲራዘም ብሩም ብዙ ጊዜ አብሮት ይራዘማል። ካገኘህ የውሉን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የድርጅቱን ስም አትጻፍ።